የጦር አብራሪ በሲቪል አውሮፕላን፦ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ በራሪዎችና የአየር ኃይሉ አገናኝ መኮንኖች

አንድ የአየር ኃይል መኮንን ለሥራው የሚያበርረው አውሮፕላን የአየር ኃይሉ ንብረት ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ግን ከዚህ የተለየ አሠራር አለ። የበጎ ፈቃደኛ በራሪዎችን ማኅበር እንዲያማክሩና እንዲቆጣጠሩ የተመደቡ የአየር ኃይል አገናኝ አብራሪዎች፣ የማኅበሩ ንብረት በሆኑ ባለ አንድ ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች ይበርራሉ። አውሮፕላኑ የሲቪል ነው፤ ምዝገባው የሲቪል ነው፤ ለጥገናው ኃላፊነት ያለበትም ሲቪሉ ማኅበር ነው። መኮንኑ ሲያበርረው የበረራው ሰዓት ይቆጠራል፤ ወጪውም በሒሳብ ይወራረዳል።

ይህ አሠራር የቢሮ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ሠራዊት የሲቪሎችን ንብረትና ጉልበት ሲጠቀም ወሰኑ የት ላይ እንደሚሰመር፣ ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል፣ አደጋ ሲደርስም ማን እንደሚጠየቅ የሚያሳይ ምሳሌ ነው። ይህ ጽሑፍ የማኅበሩን አመጣጥ፣ የአገናኝ መኮንኖቹን ሥራ፣ የኪራዩን አሠራርና ከበስተጀርባው ያለውን ሕግ ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲቪል ኤር ፓትሮል ምንድን ነው?

ማኅበሩ ሲቪል ኤር ፓትሮል ይባላል። በሕግ የተቋቋመ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን፣ በተመሳሳይ ጊዜ የዩናይትድ ስቴትስ አየር ኃይል ረዳት ነው። በ50ዎቹ ግዛቶች፣ በዋና ከተማዋ በዋሽንግተን ዲሲና በፖርቶ ሪኮ በድምሩ 52 ክንፎች አሉት። ክንፎቹ በ8 ቀጣናዎች ሥር ተዋቅረዋል። አባላቱ ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ ይልቁንም ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላሉ። የአየር ኃይሉን የሚመስል የደንብ ልብስና ማዕረግ ቢኖራቸውም፣ ማዕረጋቸው በወታደሮች ላይ የማዘዝ ሥልጣን አይሰጣቸውም።

ድርጅቱ ከ500 በላይ አውሮፕላኖች አሉት። አብዛኞቹ ሴስና 172፣ ሴስና 182 እና ሴስና 206 የሚባሉት ዓይነቶች ናቸው። ባለ ፒስተን አንድ ሞተር አውሮፕላኖችን በብዛት በመያዝ በዓለም ቀዳሚው እንደሆነ ይነገርለታል። ዋና ዋና ተግባራቱ ሦስት ናቸው፦ የአደጋ ጊዜ አገልግሎት፣ የወጣት ካዴቶች ሥልጠና እና የአቪዬሽን ትምህርት። በአሜሪካ የየብስ ክልል ውስጥ አውሮፕላን ሲጠፋ ወይም ሰው በበረሃና በተራራ ደብዛው ሲጠፋ፣ በፍሎሪዳ በቲንዳል የአየር ኃይል ሰፈር የሚገኘው የነፍስ አድን ማስተባበሪያ ማዕከል ሥራውን በአብዛኛው የሚሰጠው ለዚህ ድርጅት ነው።

የመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በደረሰ ጊዜ የሲቪል በረራ በመላ አገሪቱ ታግዶ ነበር። በማግስቱ በኒው ዮርክ በፈረሱት መንትያ ሕንጻዎች ላይ በርሮ ፎቶግራፍ እንዲያነሳ የተፈቀደለት የዚህ ማኅበር አንድ ሴስና ነበር።

በጦርነት ዋዜማ የተወለደ ማኅበር

ሲቪል ኤር ፓትሮል የተመሠረተው ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ነው። ጃፓን ፐርል ሃርበርን የደበደበችው ከስድስት ቀን በኋላ ነበር። ሐሳቡን ካራመዱት ሰዎች መካከል የኒው ጀርሲ ግዛት የአቪዬሽን ኃላፊ የነበረው ጊል ሮብ ዊልሰን በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳል። ማኅበሩ በመጀመሪያ የተቋቋመው በሲቪል መከላከያ ጽሕፈት ቤት ሥር ሲሆን፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የኒው ዮርክ ከንቲባው ፊዮሬሎ ላ ጓርዲያ ነበሩ።

መነሻው ስጋት ነበር። አገሪቱ ወደ ጦርነት ስትገባ የግል በረራ ሙሉ በሙሉ ሊታገድ እንደሚችል የግል አውሮፕላን ያላቸው ሰዎች ተገነዘቡ። አውሮፕላኖቻቸው በመጋዘን ተቆልፈው ከሚቀሩ ለአገር መከላከያ ቢውሉ እንደሚሻል ተከራከሩ። የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች እስከ አሜሪካ የምሥራቅ ጠረፍ ድረስ ዘልቀው የነዳጅ መርከቦችን መስጠም ሲጀምሩ ክርክሩ ተግባራዊ መልስ አገኘ። ሠራዊቱ ጠረፉን በሙሉ የሚሸፍን አውሮፕላን አልነበረውም፤ ሲቪሎቹ ግን ነበራቸው።

ከመጋቢት 1942 እስከ ነሐሴ 1943 በአትላንቲክና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ ላይ 21 የጠረፍ ጥበቃ ሰፈሮች ተቋቁመው ነበር። በራሪዎቹ ሱቅ ነጋዴዎች፣ ገበሬዎች፣ ሐኪሞችና ሌሎችም በዕድሜ ወይም በጤና ምክንያት ለውትድርና ያልተመረጡ ሰዎች ነበሩ። በአንድ ሞተር ብቻ ከጠረፍ ርቀው በባሕር ላይ ይበርሩ ነበር። ሞተሩ ከጠፋ ውኃ ላይ ከመውደቅ በቀር አማራጭ አልነበራቸውም። በዚህ ግዳጅ 26 አባላት ሕይወታቸውን አጡ፤ 90 አውሮፕላኖችም ጠፉ።

የኪራዩ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዘመን አውሮፕላኑን የሚያቀርበው በጎ ፈቃደኛው ነበር። መንግሥት ለአውሮፕላኑ አገልግሎት በሰዓት ይከፍላል፤ ለአብራሪውም ምግብና ማደሪያ እንዲችል በቀን 8 ዶላር አበል ይሰጠዋል። ስለዚህ መንግሥት ተከራይ፣ ዜጋው አከራይ ነበር። ዛሬ የአየር ኃይሉ መኮንን በማኅበሩ አውሮፕላን ሲበርር የሚከፈለው ክፍያ የዚያ የቀድሞ ግንኙነት ወራሽ ነው ማለት ይቻላል።

በኋላም አነስተኛ አውሮፕላኖቹ ቦምብ እንዲታጠቁ ተደረገ። ይህ ሌላ ጥያቄ አስነሣ። ሲቪል ሰው ቦምብ በጫነ አውሮፕላን ሲበርር በጠላት እጅ ቢወድቅ እንደ ጦር ምርኮኛ ይታያል ወይስ ሕግ እንደሌለው ተዋጊ? የአባላቱ የደንብ ልብስ የዩናይትድ ስቴትስን ምልክት እንዲይዝ ከተደረገባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ስጋት ነበር።

ከቺካጎ እስከ አዲስ አበባ

በማኅበሩ የመጀመሪያ ዓመታት ታሪክ ውስጥ ወደ ኢትዮጵያ የሚወስድ አንድ ክር አለ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በቺካጎ ጥቁር አሜሪካውያን በራሪዎች የራሳቸውን የበጎ ፈቃድ የበረራ ማኅበር አቋቁመው ነበር። መሥራቾቹ ጆን ሮቢንሰንና ኮርኔሊየስ ኮፊ ነበሩ። ነጮች የሚቆጣጠሯቸው የበረራ ሜዳዎች ስለማያስተናግዷቸው ሮቢንስ በተባለችው የኢሊኖይ መንደር የራሳቸውን ሜዳ ጠርገው ሠሩ።

ሮቢንሰን በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በኮሎኔልነት ማዕረግ የዐፄ ኃይለ ሥላሴን አነስተኛ አየር ኃይል መርቶ፣ ትጥቅ በሌላቸው አውሮፕላኖች መልእክትና መድኃኒት እያደረሰ በጣሊያን ወረራ ዘመን አገለገለ። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ። በ1954 በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ በአዲስ አበባ አረፈ።

በቺካጎ የቀረችው የዚያው ስብስብ አባል ዊላ ብራውን ደግሞ ከኮፊ ጋር የበረራ ትምህርት ቤት አቋቋመች። ከትምህርት ቤቱ ከወጡት መካከል ወደ ተስኪጊ ሄደው በጥቁር አሜሪካውያኑ የጦር አብራሪዎች ጓድ ውስጥ ያገለገሉ ነበሩ። ብራውን በ1942 በሲቪል ኤር ፓትሮል የሌተናንትነት ማዕረግ አግኝታ በድርጅቱ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት መኮንን ሆነች። ሠራዊቱ በዘር ተከፋፍሎ በነበረበት ጊዜ፣ የበጎ ፈቃድ ማኅበሩ ለአንዲት ጥቁር ሴት የመኮንንነት በር መክፈቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

አየር ኃይሉ እንዴት ገባ?

ማኅበሩ በሚያዝያ 1943 ከሲቪል መከላከያ ወደ ጦር ሚኒስቴር ተዛወረ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሕልውናው አጠያያቂ ሆነ። ሐምሌ 1 ቀን 1946 ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በፈረሙት ሕግ፣ በጎ አድራጊና ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ግንቦት 26 ቀን 1948 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ገና አንድ ዓመት ያልሞላው ራሱን የቻለ አየር ኃይል ረዳት አደረገው።

የ1948ቱ ሕግ የአየር ኃይሉ ሚኒስትር ለማኅበሩ ትርፍ መሣሪያ እንዲሰጥና የአየር ኃይል ባልደረቦችን በአገናኝነት እንዲመድብ ፈቀደ። ከጦርነቱ የተረፉ ቀላል አውሮፕላኖች ወደ ማኅበሩ መምጣት የጀመሩት፣ አገናኝ መኮንን የሚባለውም የሥራ መደብ መልክ የያዘው በዚህ መሠረት ነው። ከአሥርተ ዓመታት በኋላ የአባላት የግል አውሮፕላኖችና የሠራዊት ትርፍ አውሮፕላኖች ቁጥር እየቀነሰ፣ ድርጅቱ ራሱ በሚያስተዳድራቸው አንድ ዓይነት ሴስናዎች ተተኩ።

በ2000 የወጣ ሕግ የሁለቱን ግንኙነት ይበልጥ ግልጽ አደረገ። በሕጉ መሠረት ድርጅቱ የአየር ኃይሉ ረዳት የሚባለው፣ የፌዴራል መንግሥት ማንኛውም መሥሪያ ቤት አገልግሎቱን ሲጠቀም ነው። ከዚያ ውጭ በራሱ ስም የሚሠራ የግል ድርጅት ነው። ድርጅቱን የሚመራ የገዢዎች ቦርድም በዚሁ ሕግ ተቋቋመ። ገንዘቡ የሚተላለፈው ደግሞ አየር ኃይሉና ድርጅቱ በሚፈርሙት የትብብር ስምምነት ነው። ስለዚህ አንዱ የሌላው ክፍል አይደለም። ሁለት ወገኖች በውል የተሳሰሩ ናቸው።

አገናኝ አብራሪው ምን ይሠራል?

በአየር ኃይሉ በኩል ግንኙነቱን የሚያስተባብረው ክፍል ዋና መሥሪያ ቤቱ በአላባማ ግዛት በማክስዌል የአየር ኃይል ሰፈር ነው። በውስጡ በሥራ ላይ ያሉ መኮንኖች፣ የመንግሥት ሲቪል ሠራተኞችና ተጠባባቂ ወታደሮች ይሠራሉ። ተግባራቸው በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፦ ማገናኘት፣ ማማከርና መቆጣጠር። የክንፎቹን የነፍስ አድን ልምምድ ይመዝናሉ፤ በመንግሥት ገንዘብ የተገዛው ንብረት በአግባቡ መያዙን ያያሉ፤ የካዴቶችን ካምፕ ይደግፋሉ።

ታዲያ ለዚህ ሥራ ለምን መብረር ያስፈልጋቸዋል? የመጀመሪያው ምክንያት የሥራው ባሕርይ ነው። አንድ የፍለጋ ቡድን የተሰጠውን ቀጣና በትክክል መሸፈኑን፣ ከመሬት ቡድኑ ጋር በሬዲዮ መግባባቱን፣ አብራሪው በተራራ መካከል ፍጥነቱን መጠበቁን በወረቀት ብቻ መመዘን አይቻልም። ገምጋሚው በዚያው አውሮፕላን መሳፈር፣ ጥሩ ገምጋሚ ለመሆንም አውሮፕላኑን ማብረር አለበት። ሁለተኛው ምክንያት ርቀት ነው። አንድ የአገናኝ ጽሕፈት ቤት በርካታ ግዛቶችን ይሸፍናል። ልምምዶች የሚካሄዱት ብዙውን ጊዜ የመንገደኛ አውሮፕላን በማይደርስባቸው ትንንሽ ማረፊያዎች ነው።

ለዚህ ሥራ የጦር አውሮፕላን ማሰማራት ትርጉም የለውም። ለሴስና የሚበቃ አጭር የአስፋልት መንገድ ተዋጊ ጄትን አያሳርፍም። ወጪውም አይነጻጸርም፤ አንድ ሴስና 172 በሰዓት የሚያቃጥለው ነዳጅ ከ35 ሊትር ብዙም አይበልጥም።

ኪራዩ እንዴት ይሰላል?

የአነስተኛ አውሮፕላን ኪራይ የሚሰላው በቀን ወይም በርቀት አይደለም፤ በሰዓት ነው። በአውሮፕላኑ ውስጥ የሞተሩን የሥራ ጊዜ የሚመዘግብ መቁጠሪያ አለ። አብራሪው ሲነሣና ሲመለስ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ልዩነቱ የሚከፈልበት ሰዓት ይሆናል።

ሁለት ዓይነት ተመን የተለመደ ነው። በአንደኛው ነዳጁ በኪራዩ ውስጥ ይካተታል። በሁለተኛው ተከራዩ ነዳጁን ለብቻው ይሞላል፤ የሰዓት ተመኑም ዘይትን፣ ጥገናንና የሞተር ዕድሳትን ብቻ ይሸፍናል። ሲቪል ኤር ፓትሮል ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት የሰዓት የጥገና ተመን ያወጣል፤ ነዳጅና ዘይት ለየብቻ በደረሰኝ ይወራረዳሉ።

የጥገናው ተመን ለምን እንዳስፈለገ በምሳሌ ማየት ይቻላል። በእነዚህ ሴስናዎች ላይ የሚገጠሙ ሞተሮችን አምራቹ በ2,000 ሰዓት ገደማ ሙሉ በሙሉ እንዲታደሱ ይመክራል። ዕድሳቱ 40,000 ዶላር ይፈጃል ብለን ብናስብ፣ እያንዳንዱ የበረራ ሰዓት ከሞተሩ ዕድሜ 20 ዶላር ይበላል ማለት ነው። አብራሪው ነዳጁን ሞልቶ ቢመልስ እንኳ ያንን 20 ዶላር ካልከፈለ፣ ወጪውን ሳያውቀው ለሚቀጥለው አብራሪ አስተላለፈው ማለት ነው። ዓመታዊ ምርመራ፣ ጎማ፣ የፍሬን ሸራና የሬዲዮ ጥገናም እንዲሁ በሰዓት ይከፋፈላሉ።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። አብዛኞቹ አውሮፕላኖች የተገዙት ከፌዴራል መንግሥት በተገኘ ገንዘብ ነው። ታዲያ መንግሥት ራሱ ለገዛው አውሮፕላን ለምን ደግሞ በሰዓት ይከፍላል?

መልሱ በሁለት ወገን ይታያል። አንደኛው የበጀት ሕግ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት የሚመድበው ገንዘብ ለተመደበለት ዓላማ ብቻ ይውላል። ለበጎ ፈቃደኞቹ የነፍስ አድን ሥራ የተሰጠ ገንዘብ የሌላ ክፍል መኮንኖች ለሚያደርጉት በረራ ሊውል አይገባም። ሰዓቱ ካልተቆጠረ፣ የመኮንኑ ምልልስ ከፈላጊዎቹ የነዳጅ በጀት ላይ በዝምታ ይቀነሳል። ከዓመቱ መጨረሻ በፊት በጀቱ አልቆ አንድ የጠፋ መንገደኛ ሳይፈለግ ቢቀር፣ የሒሳብ ስሕተቱ የሰው ሕይወት ጥያቄ ይሆናል።

ሁለተኛው የተቆጣጣሪና የተቆጣጠሪ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የመንግሥት ሠራተኞች የሥነ ምግባር ደንብ፣ አንድ ሠራተኛ ከሚቆጣጠረው አካል ስጦታ እንዳይቀበል ይገድባል። የበረራ ሰዓት ደግሞ ለማንኛውም አብራሪ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ገምጋሚው በሚገመግመው ማኅበር አውሮፕላን እንዳሻው በነጻ ቢበርር፣ ግምገማውን የሚያምነው አይኖርም። የተከፈለ ሒሳብ ግን ሁለቱንም ነጻ ያደርጋል። መኮንኑ ውለታ አይቆጠርበትም፤ ማኅበሩም አውሮፕላኑን ሲከለክል አለቃውን እንዳስቀየመ አይሰማውም። በአገራችን «ሒሳብ ሲጠራ ወዳጅነት ይጸናል» የሚለው እምነት እዚህም ይሠራል።

ይህ ከግል ሽርሽር የተለየ መሆኑንም መገንዘብ ያስፈልጋል። በርካታ የአሜሪካ የጦር ሰፈሮች ወታደሮች በራሳቸው ገንዘብ አውሮፕላን የሚከራዩባቸው የበረራ ክበቦች አሏቸው። የሲቪል ኤር ፓትሮል አውሮፕላን ግን ለግል ጉዞ አይፈቀድም። እያንዳንዱ በረራ የታወቀ ዓላማ፣ የፈቃድ ሰጪ ስምና የግዳጅ ቁጥር ይኖረዋል።

የጄት አብራሪ ሴስናን ማብረር ይችላል?

ወታደራዊ የብቃት ምልክት ብቻውን አይበቃም። አውሮፕላኑ በሲቪል መዝገብ የተመዘገበ ስለሆነ አብራሪው የአገሪቱ ሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ሕጉ ለወታደሮች አቋራጭ አበጅቷል፤ የጦር አብራሪ የጽሑፍ ፈተና አልፎና ወታደራዊ ብቃቱን አረጋግጦ የሲቪል የንግድ አብራሪ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። መንገደኛ ይዞ ለመብረር ደግሞ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ማረፍ አለበት።

ፈቃድ ማግኘትና መልመድ ግን የተለያዩ ናቸው። ጄት የሚያበርር ሰው ትርፍ ኃይል ለምዷል። ሴስና ትርፍ ኃይል የለውም። ነፋስ ከጎን ሲመታው ይንሸራተታል፤ ከፍታ ሲጨምር ይደክማል፤ የአየርና የነዳጅ ድብልቁን አብራሪው በእጁ ማስተካከል አለበት። ቱርቦ የሌለው ፒስተን ሞተር በየ1,000 ጫማ ከፍታ ሦስት በመቶ ገደማ ኃይሉን ያጣል። በኮሎራዶ የምትገኘው የሌድቪል ማረፊያ 9,934 ጫማ ላይ ስለምትገኝ፣ እዚያ ሞተሩ ገና ከመነሣቱ በፊት ከሩብ በላይ ጉልበቱን አጥቷል።

ለኢትዮጵያና ለኬንያ ደጋማ ቦታዎች አብራሪዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በሞቃት ቀትር ትንሽ አውሮፕላን ለማንሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያና ቀለል ያለ ጭነት እንደሚያስፈልግ በዚያ የሠራ አብራሪ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሲቪሉ የማኅበሩ አሠልጣኝ ኮሎኔሉን አጠገቡ አስቀምጦ ቢያርመው የማዕረግ ድፍረት ተደርጎ አይወሰድም። በዚያ ወንበር ላይ የሚቆጠረው በዚያው አውሮፕላን የተገኘ ልምድ ነው።

አደጋ ቢደርስ የሚጠየቀው ማን ነው?

በሲቪል ኤር ፓትሮል እያንዳንዱ በረራ በሦስት ምድብ ከአንዱ ይገባል። የመጀመሪያው አየር ኃይሉ ያዘዘውና ወጪውን የሚሸፍነው ነው። ሁለተኛው አየር ኃይሉ እንደ ግዳጅ የተቀበለው፣ ነገር ግን ወጪውን የማይከፍለው ነው። ሦስተኛው ድርጅቱ በራሱ ስም የሚያካሂደው ነው።

ምድቡ የሚወስነው ብዙ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምድቦች በግዳጅ ላይ ጉዳት የደረሰበት ወይም የሞተ አዋቂ አባል፣ ለፌዴራል ሠራተኞች በተደነገገው የጉዳት ካሣ ሕግ ይሸፈናል። በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳትም መንግሥት ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ምድብ ግን ኃላፊነቱ የድርጅቱና የመድን ሰጪው ነው። አንድ በረራ በስሕተት ምድብ ከተመዘገበ፣ የሟች ቤተሰብ ካሣ የሚጠይቅበትን በር ሊያጣ ይችላል። ከበረራ በፊት የሚሞላው ቅጽ አሰልቺ ቢመስልም ዋጋው የሚታወቀው አደጋ ሲደርስ ነው።

የበጎ ፈቃደኞቹ ክፍያም በሕግ የተገደበ ነው። የግል አብራሪ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው ለበረራ ደመወዝ መቀበል አይችልም። ሆኖም በመንግሥት አካል ወይም በነፍስ አድን ድርጅት ትእዛዝ ሥር ለፍለጋ ሲበርር፣ የነዳጅ፣ የዘይት፣ የማረፊያና የአውሮፕላን ኪራይ ወጪው እንዲተካለት ሕጉ ይፈቅዳል። ጉልበቱ ስጦታ ነው፤ ኪሱ ግን እንዳይጎዳ ይጠበቃል።

ወሰኑ የት ነው?

ዛሬ ማኅበሩ ለአየር ኃይሉ የሚሰጠው አገልግሎት ከውጊያ ውጭ በሆኑ ተግባራት የተወሰነ ነው። የማኅበሩ ሴስናዎች በዋሽንግተን ሰማይ ላይ ለሚሠለጥኑ ተዋጊ ጄቶች እንደ ዘገምተኛ ዒላማ ሆነው ይበርራሉ። ካሜራ የተገጠመላቸው ጥቂቶቹ በምድር ጦር ልምምድ ላይ የድሮንን ሚና ይጫወታሉ። ሆኖም መሣሪያ አይታጠቁም። ወታደራዊ ኃይል በፖሊስ ሥራ እንዳይሰማራ በ1878 የወጣው ሕግ መንፈስም ስለሚገድባቸው፣ አባላቱ ሰው አያስሩም፣ አያሳድዱም።

ይህ ጥንቃቄ ለምን እንዳስፈለገ ከምሥራቅ አፍሪካ ታሪክም መረዳት ይቻላል። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1935 በጣሊያን ወረራ ጊዜ በቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ኢትዮጵያ ውስጥ በርሯል። ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማሠልጠን ለዓመታት ሠርቷል። በ1970ዎቹ አጋማሽ በትንንሽ አውሮፕላኖች ለረሃብ ተጎጂዎች እህል ከሰማይ ጥሏል። በሐምሌ 1977 በኦጋዴን ጦርነት ጎዴ ላይ በተከፈተ ጥቃት ተገደለ። የአንድ ሰው ሕይወት የእርዳታ በራሪነትንና የጦር አሠልጣኝነትን በአንድ ላይ አስተናግዷል። መሬት ላይ ሆኖ የሚተኩስ ሰው ግን ከላይ የሚያልፈው አውሮፕላን ዛሬ እህል ይሁን ወታደር የጫነ ለይቶ ማወቅ አይችልም።

በቀጣናው ዛሬ የሚሠሩት የሰብአዊ እርዳታ በረራዎች ከሠራዊት ጋር እንዳይቀላቀሉ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው። በ1957 በምሥራቅ አፍሪካ የተጀመረው የአምሬፍ በራሪ ሐኪሞች አገልግሎትና በዓለም የምግብ ፕሮግራም የሚመራው የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ በረራ ለዚህ ይጠቀሳሉ። የጦርነት ስጋት በማይንዣብብበት የአሜሪካ ሰማይ ላይ አንድ ኮሎኔል የሲቪል ሴስና ቢከራይ የሚያስከትለው ጉዳይ የሒሳብና የመድን ነው። ግጭት ባለበት አገር ግን ያው ኪራይ አውሮፕላኑን ዒላማ ሊያደርገው፣ ሲቪሉንም ጥበቃ ሊያሳጣው ይችላል። አሠራሩን ለመቅዳት የሚያስብ ሁሉ መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ልዩነት ይህ ነው።

ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች

በአሜሪካ ለሚኖሩ የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ማኅበሩ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። የካዴት መርሐ ግብሩ ከ12 ዓመት ጀምሮ ለአሜሪካ ዜጎችና ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪ ለሆኑ ወጣቶች ክፍት ነው። ካዴቶች በሞተር አውሮፕላንና ሞተር በሌለው ተንሸራታች አውሮፕላን ነጻ የማስተዋወቂያ በረራ ያገኛሉ። አባል መሆን ወደ ውትድርና የመግባት ግዴታ አያስከትልም።

በጦርነቱ ዘመን ላገለገሉት አባላት የአሜሪካ ምክር ቤት በ2014 የወርቅ ሜዳልያ ሰጥቷል። በዚያን ጊዜ ከእነርሱ መካከል በሕይወት የነበሩት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ያቆዩት ግንኙነት ግን ዛሬም እየሠራ ነው። መኮንኑ ከበረራ ሲመለስ መቁጠሪያውን አንብቦ ይጽፋል፤ ሰዓቱም በሚገባው በጀት ላይ ይመዘገባል። አውሮፕላኑ በማግስቱ የጠፋ ሰው ፍለጋ ሲጠራ ነዳጁም ሞተሩም ሒሳቡም ዝግጁ ሆኖ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።